ዳሊ ሜሴንጀር መታገድ ነበረበት ወይ?

የኳስ ሱሰኛ፦ እስቲ ተከራከሩበት። ሜሴንጀር በ1907 እ.ኤ.አ. የሲድኒ ራግቢ ቁጥር አንድ ኮከብ ነው። ደብል ቤይ ላይ ከአባቱ ጋር ጀልባ ይሠራል፣ ቅዳሜ ሜዳ ይገባል፣ ሕዝቡ እሱን ለማየት ከፍሎ ይግተለተላል፣ ብሩ ግን ጨዋታውን ወደሚያስተዳድረው ማኅበር፣ ወደ ራግቢ ዩኒየን ካዝና ነው የሚሄደው። ለተጫዋች መክፈል ነውር ነበራ! በነሐሴ ወር በአልበርት ባስከርቪል ከተሰባሰበው የኒውዚላንድ ፕሮፌሽናል ቡድን ጋር ሊጋጠም ፈረመ፤ ከዚያም አብሯቸው እንግሊዝ ሄደ። ዩኒየኑ ዕድሜ ልክ አገደው። ያስቆጠረውንም ከመዝገብ ፋቀበት። ልክ ነበሩ?

እውነት መራራ፦ ልክ ናቸው! ሕጉን አሳምሮ ያውቀዋል። ክለብ አሳድጎህ፣ ስም አውጥተህ፣ ብር ሲታይ ጥለህ መሄድ ምን ይባላል?

ሲድኒ ነዋሪ፦ ቆይ ወንድሜ፣ አሌክስ በርደንን ታውቀዋለህ? ፀጉር አስተካካይ ነው። በዚያው ዓመት ሲጫወት ትከሻው ተጎዳና ሥራ ፈታ። ትከሻው የማይነሳ ሰው እንዴት መቀስ ይያዝ? ዩኒየኑ አምስት ሳንቲም አልካሰውም። ሜሴንጀር ይህን እያየ ነው የወሰነው። እንግሊዝም እኮ በ1895 የሰሜን ክለቦች ሃደርስፊልድ ከተማ፣ ጆርጅ ሆቴል ተሰብስበው ከዩኒየኑ የተገነጠሉትና በኋላ ራግቢ ሊግ የተባለውን የጀመሩት ለዚህ ነው፤ የማዕድንና የፋብሪካ ሠራተኛ ለጨዋታ ብሎ ከሥራ ሲቀር ለቀረበት ደሞዝ ማካካሻ በቀን 6 ሽልንግ ቢሰጠው ምናለበት አሉ። የለንደን ጌቶች እንቢ!

እውነት መራራ፦ የበርደን ያሳዝናል፣ አልክድም። የሜሴንጀር ትከሻ ግን ደህና ነበር። ደግሞ ፕሮፌሽናሉ ምን አተረፈ? የ1908ቱ የአውስትራሊያ ቡድን የእንግሊዝ ጉዞ ኪሳራ ሆኖ አዘጋጁን ጊልቲናንን አደኸየው፣ ልጆቹን የመለሳቸው የእንግሊዙ ሊግ ነው።

እናት ነኝ፦ ታዲያ ከሰረ ማለት ስግብግብ ነው ማለት ነው እንዴ? እንደሚባለው የሲድኒን ፕሮፌሽናል ጨዋታ የጀመሩት እነጊልቲናን ሊያስፈርሙት ሲመጡ ልጁ የእናቱን ፈቃድ ጠይቋል። እናቱ እሺ አለች፣ ፈረመ። ተደብቆ የኮበለለ አታስመስሉት።

ሲድኒ ነዋሪ፦ እኔን የሚያበግነኝ እገዳው እንኳን አይደለም፣ መፋቁ ነው። ማገድ የማኅበር ሥልጣን ነው እሺ፣ ግን ሰውዬው ያስቆጠረውን አላስቆጠረም ብሎ መጻፍ ውሸት ነው። እስኪመልሱለት ስንት ዓመት እንደፈጀ ታውቃላችሁ? እስከ 2007! እሱ የሞተው በ1959 ነው። ዩኒየኑ ራሱ በ1995 ለተጫዋች መክፈል ፈቅዶ፣ የሱን መዝገብ ግን 12 ዓመት አቆየው።

የኳስ ሱሰኛ፦ ለማያውቅ፦ ዛሬ የአውስትራሊያ ራግቢ ሊግ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚሸለመው ዳሊ ኤም ሜዳሊያ በሱ ስም ነው።

እውነት መራራ፦ ሜዳሊያውን የሰጠው የሄደበት ቤት፣ ራግቢ ሊግ ነው፤ ታዲያ ምን ይገርማል? የመዝገቡ ነገር ግፍ ነው፣ እሺ። እገዳው ላይ ግን ንቅንቅ አልልም።

እናት ነኝ፦ አትነቃነቅ። በርደን ግን ያን ሰሞን የቤት ኪራዩን በምን እንደከፈለ ንገረኝ።