ለአንድ የፈጣን መኪና ብራንድ መታመን ከምን ይመጣል?

ጥያቄ፦ ፖርሽ ነድተው የማያውቁ፣ ምናልባትም ፈጽሞ የማይገዙ ሰዎች የሞተሩን ድምፅ ብቻ ሰምተው ሞዴሉን ሲለዩ አያለሁ። ምክንያቱ ፍጥነት ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ የሚበልጠው መኪና በወጣ ቁጥር ፍቅራቸው ወደዚያ በሄደ ነበር። ታዲያ ይህ ታማኝነት ከየት ይመነጫል?

መልስ 1፦ በእኔ እምነት ከጽናት ነው። 911 የተባለው የፖርሽ ሞዴል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 ፍራንክፈርት ላይ ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ፣ በመደበኛዎቹ የመንገድ ሞዴሎች ሞተሩ ከኋላ አክስል (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች ከሚያገናኘው ዘንግ) በስተጀርባ እንደተቀመጠ ቀጥሏል። ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚያመዝን፣ በተለይ በቀደሙት ሞዴሎች አሽከርካሪው ኩርባ መሀል ድንገት እግሩን ከነዳጅ መርገጫው ቢያነሳ የመኪናው ጀርባ ወደ ውጭ ሊያፈነግጥ ይችላል፤ መሐንዲሶቹ ግን ሞተሩን ከማዛወር ይልቅ ጎማውንና ሰስፔንሽኑን (ጎማዎቹን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘውንና ንዝረት የሚያለዝበውን ክፍል) ዓመት ከዓመት ማሻሻልን መረጡ። ይህን እልህ (ግትርነት ማለትም ይቻላል) የተረዳ ሰው ቀጣዩን ሞዴል በጉጉት ይጠብቃል።

መልስ 2፦ ውድድሩም አይዘንጋ፤ በ1970 የ917 ሞዴል ፈረንሳይ ውስጥ በሚካሄደው የሌ ማን የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር ለፖርሽ የመጀመሪያውን አጠቃላይ ድል አስገኝቷል። ሆኖም ደጋፊ በይበልጥ የሚታወቀው ብራንዱ ሲያስከፋው ነው። በ1990ዎቹ መገባደጃ 911 በአየር ከሚቀዘቅዝ ሞተር ወደ ውኃ ማቀዝቀዣ ሲሸጋገር፣ አምርረው ካጉረመረሙት መካከል ብዙዎቹ ዛሬም አልራቁም።

መልስ 3፦ በከፊል እለያለሁ። አብዛኛው ሰው ስለ አክስልና ስለ ማቀዝቀዣ የሚያነበው ከወደደ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ የሚማርከው የክብ መብራቶቹና ወደ ኋላ የሚያዘቀዝቀው ጣሪያ ቅርጽ ነው።