ፍሎሪያኖፖሊስ ለስድስት ወር፦ 3,000 ሪያል ደህና ዋጋ ነው?

ሄኖክ (ሜሪላንድ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለአሜሪካ ድርጅት ከቤት ሆኜ ነው የምሠራው። ከማርች እስከ ኦገስት ደቡብ ብራዚል፣ ፍሎሪያኖፖሊስ ልቀመጥ ነው። የሰዓት ልዩነቱ አንድ ሰዓት ብቻ ስለሆነ ለሥራዬ ይመቸኛል። ላጎአ ሐይቅ አጠገብ በወር 3,000 ሪያል (የብራዚል ገንዘብ) የሚል ማስታወቂያ አይቻለሁ። ልያዘው? መኪና የለኝም።

ማርታ፦ ሄኖኬ፣ መጀመሪያ 3,000ው ምን ምን እንደሚያጠቃልል ጠይቅ። «ኮንዶሚኒዮ» የሚል ቃል ታያለህ። የኛ ኮንዶሚኒየም መስሎህ እንዳትሸወድ! ለጥበቃ፣ ለጽዳት፣ ለሊፍት በየወሩ የሚከፈል መዋጮ ነው። አይፒቲዩ የሚሉት የቤት ግብርም ብዙ ጊዜ ተከራዩ ላይ ያርፋል። እኔ ሁለቱንም ሳልጠይቅ ፈርሜ፣ የመጀመሪያው ወር ሂሳብ ሲመጣ ክው ብያለሁ። ለረጅም ውል ደግሞ ዋስ ወይም እስከ ሦስት ወር ኪራይ የሚደርስ መያዣ ይጠይቁሃል። ወቅቱን ግን አውቀህበታል። ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ አርጀንቲናዎች ይጎርፋሉ፤ ያኔ ኪራይ አይቀመስም።

ዳዊት፦ ከቤቱ በፊት ሲፒኤፍ! የግብር መለያ ቁጥር ነው። ሲም ካርድ ስትገዛ፣ የቤት ኢንተርኔት ስታስገባ ይጠይቁሃል። ፋርማሲ ገብተህ የራስ ምታት ክኒን ስትገዛ እንኳ «ሲፒኤፍ?» ይሉሃል። እዚያው ዋሽንግተን በብራዚል ቆንስላ በኩል ጨርሰው። ክፍያ በፒክስ ነው፤ ማዕከላዊ ባንኩ በ2020 የጀመረው፣ በቴሌብር ዓይነት በስልክ የሚላክ። ኮኮናት ሻጩም ይቀበላል። ግን እዚያ አካውንት እስክትከፍት በካርድ ትቆያለህ። የዲጂታል ኖማድ ቪዛ (እንዳንተ ለውጭ ድርጅት ከርቀት ለሚሠሩ የሚሰጠውን) ይዘህ ከሆነ ደግሞ በገባህ በ90 ቀን ውስጥ ፌዴራል ፖሊስ ሄደህ ተመዝገብ።

ሰብለ፦ ማርታ ትቆጣኝ እንጂ፣ ያለ መኪና ላጎአን አልመክርም። ከመሀል ከተማ ኮረብታውን የሚሻገረው መንገድ ቅዳሜና እሁድ ይዘጋጋል። ዩኒቨርሲቲው ያለበት ትሪንዳጂ ይሻልሃል። አውቶቡስ አለ፤ ምግብ በኪሎ መዝነው የሚሸጡ ቤቶችም ሞልተዋል። ሩዙን ቀነስ፣ ሥጋውን ጨመር ነው!

ማርታ፦ አልቆጣም፣ ልክ ነሽ። ብርድ ልብስ ግን እንዳትረሳ ሄኖኬ። ጁላይ ይበርዳል፣ ቤቶቹ ማሞቂያ የላቸውም፣ ቁምሳጥን ውስጥ ጫማ ይሻግታል። መብራቱ 220 ቮልት ነው። ላፕቶፕህ ችግር የለበትም፤ የአሜሪካ ፀጉር ማድረቂያ ግን ይቃጠላል።

ሄኖክ፦ ፀጉር እንኳ የለኝም 😄 አከራዩን ጠየቅኩት፤ ኮንዶሚኒዮው ለብቻው 650 ነው አለኝ። ትሪንዳጂ ልፈልግ። ሲፒኤፉን ሰኞ እጀምራለሁ።