ከቁምሳጥን ጀርባ ሻጋታ እያወጣብኝ ነው

ሰላም ጓዶች፣ መኝታ ቤቴ ከቁምሳጥኑ ጀርባ ግድግዳው ጥቁር ሻጋታ እያወጣ አስቸገረኝ፣ በበረኪና ጠርጌው በሁለት ሳምንት ተመለሰ፣ ጠዋት ጠዋት ደሞ መስኮቱ ውሃ ያቋጥራል። ቀለም ልቀባበት ወይስ ምን ላርግ?

መልስ 1፦ ኧረ ቀለም እንዳትቀባ! እርጥበቱ ካልቀነሰ ተመልሶ ይወጣል። የእርጥበት መለኪያ ግዛ፣ ከ30 እስከ 50 ፐርሰንት ጥሩ ነው፣ ከ60 ካለፈ ለሻጋታ ይመቸዋል። ቁምሳጥኑንም ከግድግዳው ፈቀቅ አርገው፣ አየር ካልዞረ ተኑ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ውሃ ይሆናል።

መልስ 2፦ ልብስ ቤት ውስጥ ነው እንዴ የምታሰጣው? እኔ ግድግዳ ስፈትግ ከርሜ ለካ ጥፋቱ የልብስ ማስጫዬ ነው 😅

ጠያቂ፦ እዛው መኝታ ቤት ነው የማሰጣው 🙈

መልስ 1፦ በቃ ተገኘ። በረኪናውን ደሞ ከሌላ ማጽጃ ጋር እንዳትቀላቅለው፣ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።