የታደሱ የኮሙተር ሎኮሞቲቮች ለምንድነው እንዲህ መንገድ ላይ ሚያስቀሩን?

ማለዳ ተሳፋሪ፦
ሰላም ለቤቱ። ባቡር ሚያውቅ ሰው ካለ እስቲ አስረዱኝ። ያለሁት አሜሪካ ነው፣ የመስመሩን ስም ልተወውና ስራ ምሄደው በኮሙተር ባቡር ነው (ጠዋትና ማታ ሰራተኛ ሚያመላልሰው)። ባለፈው ወር ብቻ ሁለቴ መሃል መንገድ ላይ ቀረን። መጀመሪያው ቀን መብራቱም ማሞቂያውም ድርግም አለ፣ ሞተሩ ግን ፊት ሲያጓራ ይሰማል። ሁለተኛው ቀን ግልባጩ፣ መብራት አለ ሙቀት አለ ባቡሩ ግን ንቅንቅ የለም፣ ያን ቀን ሎኮሞቲቩ ከኋላ እየገፋን ስለነበር ሾፌሩ ከፊት ወርዶ ጠጠሩ ላይ እየተራመደ እስከ ኋላ ሄዶ የሆነ ነገር ነካክቶ ተመለሰና ተነሳን። ትኬት ቆራጩን ስጠይቀው ታድሰው የመጡ ናቸው፣ እንደ አዲስ ናቸው አለኝ። ታደሰ ሲባል እንደ እኛ አገር ዲኤክስ ቀለም ተቀብቶ "ሞተሩ ያልተነካ" እንደሚባለው ነው ወይስ የእውነት? ደሞ ጣቢያ ላይ ቆሞ እንኳ ለምንድነው ጆሮ እስኪደነቁር ሚጮኸው?

ሶስተኛ ሺፍት፦
ወንድሜ ጥያቄህን ወደድኩት። እኔ ሎኮሞቲቭ ጋራዥ ውስጥ ማታ ማታ በኤሌክትሪሺያንነት ዘጠኝ አመት ሰርቻለሁ፣ የት እንደሆነ ይቅር።

ከጩኸቱ ልጀምር። እዚህ አገር በኮሙተር መስመር ላይ ብዙ የምታየው ኤፍ 40 ፒኤች የሚባለው ዘር ነው፣ ኢኤምዲ የሚባለው ሎኮሞቲቭ አምራች ለአምትራክ (ለአገሪቱ የመንገደኛ ባቡር ድርጅት) ብሎ ከ1976 ጀምሮ ያወጣው። 16 ሲሊንደር፣ ባለ ሁለት ምት ናፍጣ፣ 3000 የፈረስ ጉልበት። ያ ሞተር ፉርጎውን መጎተት ብቻ ሳይሆን የፉርጎውን መብራት፣ ማሞቂያና ኤሲም እሱ ነው ሚያመነጨው፣ 480 ቮልት ባለ ሶስት ፌዝ። አሁን መብራቱ 60 ኸርዝ እንዲሆን ጄነሬተሩ ፍጥነቱ መዋዠቅ የለበትም፣ ስለዚህ ሞተሩን በደቂቃ 893 ዙር ላይ ይቆልፉታል። ቆሞም 893፣ ሲሮጥም 893። ሚኒሞ የሚባል ነገር የለም። ሾፌሩ ጋዝ ሲጨምር የሚለወጠው የሞተሩ ጭነት እንጂ ዙሩ አይደለም። ቀኑን ሙሉ እንደዛ ሲጮህ ውሎ ነዳጁም ሞተሩም እንዴት እንደሚያልቅ አስበው።

ለዚህ ነው ሲታደሱ ብዙዎቹ መብራቱን ከዋናው ሞተር ነጥለው ለብቻው ትንሽ ናፍጣ ሞተር የሚገጥሙለት። ካሊፎርኒያ ውስጥ ካልትሬይን በሚባለው የኮሙተር መስመር ላይ ከነበሩት አንዳንዶቹ የካተርፒላር ሞተር ተገጥሞላቸው ስማቸው ላይ ራሱ ሲኤቲ ተጨመረበት። ዋናው ሞተር ያርፋል፣ አንተ ግን አሁን አንድ ሎኮሞቲቭ ላይ ሊበላሹ የሚችሉ ሁለት ሞተሮች አሉህ። ትንሹ ሲጠፋ ትልቁ እያጓራ አንተ ጨለማ ውስጥ ትቀመጣለህ ማለት ነው። ግን ሁሌም ሞተሩ ላይሆን ይችላል፣ የመብራቱ ገመድ ከፉርጎ ወደ ፉርጎ ሲሄድ አብሮት የሚሄድ የቁጥጥር ሽቦ አለ፣ አንዱ ሶኬት በደንብ ካልገባ ወይ ውሃ ከገባበት ሲስተሙ ገመዱ ተፈቷል ብሎ ሁሉንም ይዘጋዋል።

እና መታደስ እውነት ነው። ቴስታታ፣ ፒስቶን፣ ሲሊንደር በዚህ ሞተር ላይ ተያይዞ እንደ አንድ ዕቃ ተነቅሎ ሌላ ይገባል፣ አሰራሩ ራሱ ለዚህ የተመቸ ነው። ብረቱ አያረጅም ማለት ይቻላል። እኔን ማታ ማታ ያሰቃየኝ ሽቦው ነው። የ40 አመት ሽቦ ከትናንት ኮምፒውተር ጋር ታገናኝና ንዝረት ጨምርበት፣ በረዶ ጨምርበት። የግራውንድ ሪሌ የምንለው አለ፣ የሆነ ቦታ ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ ከሾለከ ጭነቱን ቆርጦ ደወል ይደውላል። ዝናብ ሲዘንብ ይመጣል፣ ጋራዥ ገብቶ ሲደርቅ ይጠፋል፣ እኛ ደግሞ "ተፈትሾ ምንም አልተገኘም" ብለን እንፈርማለን 😅 በማግስቱ ያው ሎኮሞቲቭ ያው ቦታ።

ያ ሾፌር እስከ ኋላ የሄደው እሱን ሪሴት ሊያደርግ ይመስለኛል። ወይ ደግሞ 27 ሽቦ ያለውን ገመድ ሊነካካ። ከፊት ያለው ጋቢና ከኋላ ያለውን ሎኮሞቲቭ ሚያዘው በሱ ገመድ ነው፣ 74 ቮልት ዲሲ። አንዷ ፒን ኮንታክት ካልሰጠች ፊት ጋዝ ትሰጣለህ ኋላ የሚሰማህ የለም።

አዲሱ ኢንጂነር፦
ሶስተኛ ሺፍት ያለው ልክ ነው፣ ግን ጋቢናውን ረሳው (በነገራችን ላይ እዚህ ባቡር ነጂውን ኢንጂነር ነው ሚሉት፣ እናቴ ለጎረቤት ሁሉ ልጄ ኢንጂነር ሆነ ብላ አውርታለች፣ አላረምኳትም)።

እኔ ገና ስልጠና ላይ ነኝ። ድሮ የተሰሩት ላይ መቆጣጠሪያው ከነጂው በግራ በኩል እንደ ቁም ሳጥን የቆመ ነው፣ ጋዙ ስምንት ደረጃ አለው፣ እያንዳንዷን ቀጭ ቀጭ እያለች እጅህ ይቆጥራታል፣ ማየት አያስፈልግህም። የፍሬኑ እጀታ ሁለት ነው፣ አንዱ የባቡሩ ሁሉ፣ ሌላው የሎኮሞቲቩ ብቻ። የሎኮሞቲቩን ወደ ታች ስትጫነው የሎኮሞቲቩ ፍሬን ይለቅና የፉርጎዎቹ እንደያዘ ይቀራል፣ ጣቢያ ላይ ሰው ሳይደናቀፍ ምታቆመው በሱ ነው። ሲታደስ ፍሬኑን ኤሌክትሮኒክ ያደርጉታል፣ እጀታው ያው ይመስላል ግን አየሩ ሲያልፍ እጅህ ላይ ሚሰማህ ነገር የለም፣ ስክሪን ላይ ቁጥር ነው ምታየው። አንዳንዱ እድሳት ደሞ ሁሉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ይሰራዋል፣ አንዳንዱ የድሮውን ይተዋል፣ ሰኞ አንዱን ማክሰኞ ሌላውን ስትነዳ እጅህ ይደናገራል። የፊት መብራት ማብሪያ ብዬ ሌላ ነገር ነክቼ አውቃለሁ።

ከዛ ፒቲሲ አለ። 2008 ሎስ አንጀለስ አካባቢ ቻትስዎርዝ ላይ የሜትሮሊንክ ባቡር ቀይ መብራት አልፎ ከጭነት ባቡር ጋር ተጋጭቶ 25 ሰው ከሞተ በኋላ ኮንግረሱ ያስገደደው ነው፣ ሾፌሩ ካላቆመ ኮምፒውተሩ ያቆመዋል። ጥሩ ነገር ነው፣ አልቃወምም። ግን ለዛ ታስቦ ባልተሰራ ጋቢና ውስጥ አንቴና፣ ራዲዮ፣ ስክሪን ሲሰገሰግ ጠዋት ሲስተሙ አልነሳም ሲል ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ባቡሩ ይዘገያል። ተሳፋሪው ሚሰማው "ሜካኒካል ችግር" ብቻ ነው።

የከዚራ ልጅ፦
እናንተ ስታወሩ አባቴ ትዝ አለኝ፣ ነፍሱን ይማርና ድሬዳዋ ምድር ባቡር ጋራዥ ነበር ሚሰራው፣ ዕቃውን ሁሉ በፈረንሳይኛ ነው ሚጠራው። የፈረንሳዩ ሎኮሞቲቭ የሆነ ነገሩ ሲሰበር መለዋወጫ ከፓሪስ እስኪመጣ አይጠብቁም ነበር፣ ቶርኖ ላይ አስገብተው ቀርጸው ይገጥሙታል። አሁን ግን ኤሌክትሮኒክስ ካርዱ ሲቃጠል ቶርኖ ምን ያደርጋል? የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር 2015 ላይ በ41 ባቡር ጀምሮ ስንቱ በመለዋወጫ እጥረት እንደቆመ አይታችኋል።

ማለዳ ተሳፋሪ፦
ኧረ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄን ሁሉ አልጠበቅኩም። እና ታዲያ ለምን አዲስ አይገዙም?

ሶስተኛ ሺፍት፦
ብር ነዋ። የቺካጎው ሜትራ 2019 ላይ 15 የጭነት ሎኮሞቲቭ ወደ መንገደኛ ተቀይሮ እንዲታደስለት በ70.9 ሚሊዮን ዶላር ተዋዋለ፣ ለአንዱ ወደ 4.7 ሚሊዮን ማለት ነው፣ አዲስ ከዛ ይበልጣል። ደሞ ያልኩህን ብረት አትናቀው። ካልትሬይን 2024 ላይ ወደ ኤሌክትሪክ ሲቀየር አሮጌዎቹን አልጣላቸውም፣ 19 ሎኮሞቲቭ ከ90 ፉርጎ ጋር ለፔሩዋ ሊማ ሸጣቸው።

የአንተ የትኛው አይነት እንደሆነ ማወቅ ከፈለግክ ጣቢያ ላይ ሲቆም ጠጋ ብለህ አዳምጥ። አንድ ጩኸት ብቻ ከሆነ የተቆለፈው ነው። ወፍራም ዝቅ ያለ ድምፅ ከነ ቀጭን ጩኸት ከሰማህ ሁለት ሞተር ነው።

ማለዳ ተሳፋሪ፦
ዛሬ ጠዋት አዳመጥኩ። ሁለት ነው። ትንሹ እያነጠሰ ነበር፣ ጃኬቴን ሳላወልቅ ተቀመጥኩ።