የፍጥነት መንገዱ መንገደኛውን ከወሰደው በኋላ ምግብ ቤቱ በምን ይቁም?

አሮጌው መንገድ፦
ሰላም ለቤቱ። መቂ አሮጌው አስፋልት ዳር ስላለ ባለ 8 ጠረጴዛ ምግብ ቤት ነው የምጠይቀው። የሞጆ–ሀዋሳው የፍጥነት መንገድ እስከ ባቱ ከተከፈተ ወዲህ ወደ ባቱ የሚያልፈው መኪና እንደ ድሮው ከተማ አይገባም። ቤቱ የቆመው በጥብስና በክትፎ ነበር፤ አሁን ሥጋው ያድራል፣ እንጀራው ይተርፋል፣ ኪራዩ ግን ያው ነው። ቦታ ይቀየር ወይስ ምግቡ? ሽሮና በየዓይነቱ ቢጀመርስ ዋጋው እንዴት ይሰላል?

የጓዳ ሰው፦
ቦታውን ለጊዜው አይንኩት፤ የተቀየረው በልተኛው ነው። መንገደኛ አልፎ አልፎ መጥቶ ውድ ምግብ ያዛል። የከተማ ሰው ግን በየቀኑ ስለሚበላ የሚፈልገው የሚያጠግብ፣ ቶሎ የሚደርስና ኪሱን የማይጎዳ ምግብ ነው። ሞጆን ይዩ፤ የአዲስ አበባ–አዳማው የፍጥነት መንገድ በ2014 እ.ኤ.አ. ተከፍቶም ደረቅ ወደቡ ስላለ የከባድ መኪና ሾፌር አልራቃትም። መቂ ደግሞ ሽንኩርትና ቲማቲም አላት፤ ደላላው፣ ጫኝና አውራጁ፣ የአይሱዙ ሾፌሩ በልተኛ ናቸው። ለእነሱ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ፉልና ፍርፍር መድረስ አለበት። ጥብስ በትዕዛዝ ብቻ ይሁን፤ ሥጋው ሲታዘዝ ከሉካንዳ ግማሽ ኪሎ ይምጣ።

ሽሮውን በአንድ ትልቅ ድስት ሠርተው እያሞቁ አያቅርቡ። ይወፍራል፣ ውኃ ሲጨመርበት ጣዕሙ ይሄዳል፣ ሥሩም ያራል። ጠዋት ቁሌቱን ብቻ ይሥሩ፦ 3 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ተከትፎ ያለ ዘይት ይቁላላ፤ ውኃውን ሲጨርስ 1 ሊትር ዘይትና ነጭ ሽንኩርት ይግባ። ትዕዛዝ ሲመጣ አንድ ጭልፋ ቁሌት በትንሿ ሸክላ ድስት፣ 60 ግራም ሽሮ፣ ሩብ ሊትር ያህል ውኃ። ሽሮው አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውኃ ይበጥበጥ፤ የፈላ ላይ ከተነሰነሰ ጓል ይሠራል። በዚህ ልክ 1 ኪሎ ሽሮ 16 ሰው ያበላል።

አደራ፣ የጾሙ ድስትና ጭልፋ ለብቻው ይሁን። ረቡዕና ዓርብ፣ ከዚያም የሁዳዴ 55 ቀን አለ፤ ቅቤ የነካው ጭልፋ ሽሮው ውስጥ ሲገባ ያየ ጿሚ አይመለስም።

ሂሳብ ያዥ፦
ትልቁ ወጪ እንጀራው ነው። የጎረቤት ቁጥር አይውሰዱ፤ 10 ኪሎ ዱቄት መዝነው በራስዎ ምጣድ ጋግረው ይቁጠሩ። 40 ገደማ ከወጣ ደህና ነው። ከ100 እንጀራ 30 ካደረ የተሸጠው የእያንዳንዱ ወጪ በ43 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ ለአንድ ሳምንት ማታ ማታ የተረፈውን ቆጥረው ይጻፉና ቡሖውን በዚያ ልክ ይቀንሱ። ትኩሱን እንጀራ ወዲያው አይደራርቡ፤ ያልበዋል፣ ይጣበቃል፣ ቶሎም ይሻግታል። ሰፌድ ላይ በርዶ ነው መሶብ የሚገባው። የተረፈው ለጠዋቱ ፍርፍር፣ ከዚያ ያለፈው ለድርቆሽ።

ለዋጋው፣ የአንዱን ሳህን ሽሮ፣ ቁሌት፣ እንጀራና ከሰል ይደምሩ። ኪራይ፣ ደመወዝና መብራት ደግሞ በወር ተደምሮ ለወሩ ሳህን ይካፈል፤ 26 ቀን በ60 ሳህን 1,560 ነው። በ60 ሳህን የተሰላ ዋጋ ግን 35 ብቻ ሲሸጥ ኪራዩን አይሸፍንም፤ ብዙ ቤት የሚዘጋው እዚህ ላይ ነው። እውነተኛውን ቁጥር ይጠቀሙ።

አሮጌው መንገድ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አስተማሪዎችና የቢሮ ሠራተኞች በዱቤ እንብላ ይላሉ፤ ምን ይሻላል?

የጓዳ ሰው፦
ደመወዝተኛ ስለሆኑ ብዙ አያስፈራም፤ ተቀብሎ ገደብ ማበጀት ነው።

ሂሳብ ያዥ፦
እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። የጤፍ ነጋዴው በእጅ በእጅ እየተቀበለ እርስዎ ወር ከጠበቁ የሚያልቀው የእርስዎ መነሻ ገንዘብ ነው። ኮንትራት ያድርጉት፦ 30 ሳጥን ያለው ካርድ፣ ግማሹ ቅድሚያ ይከፈል፣ በበሉ ቁጥር አንድ ሳጥን ይፈረም። 15ኛው ሳጥን ሲሞላ ቀሪው ካልተከፈለ 16ኛው አይፈረም። ጫኝና አውራጅ የቀን ገቢ ስላለው ለእሱ ዱቤም ኮንትራትም አያስፈልገውም። ታፔላውንም ከአስፋልቱ አንሥተው ወደ ገበያው መግቢያ ያዙሩት።