ልጅ ይዞ ደሴ ለሚሄድ፦ የቀን እንቅልፍ ነገር

ጠያቂ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሐምሌ ላይ የ14 ወር ልጅ ይዘን ደሴ እንገባለን። እዚህ ቀን የምትተኛው አንዴ ነው፣ 6:30 ላይ። አያቷ ከወዲሁ «ልጅ ሲደክመው ይተኛል፣ ሰዓት ምን ያደርግለታል» እያሉ ነው። ሰዓቷን እናስጠብቅ ወይስ እንተዋት?

ከሲያትል፦
አብሽሪ እህቴ፣ እማማ ልክ ናቸው። የመጀመሪያው ሳምንት ግን ይለያል። በሐምሌ የዋሽንግተንና የደሴ ልዩነት 7 ሰዓት ነው። የእናንተ ቀን 6:30 እዛ ከምሽቱ 1:30 ነው። ማታ 1:30 የምትተኛ ከሆነ ደግሞ ደሴ ላይ ሌሊት 8:30 ይሆናል። ዝም ካላችኋት ረፋዱን በሙሉ ተኝታ ሌሊቱን ስትጫወት ታድራለች። ሰውነት በቀን 1 ሰዓት ገደማ ነው የሚስተካከለው፣ ወደ ምሥራቅ ሲሆን ደግሞ ይዘገያል።

ስለዚህ ጥብቅ የምትሉት ማለዳውን ብቻ ነው። ከ1:00 እስከ 2:00 ባለው ቀስቅሳችሁ ደጅ አውጧት። የጦሳ ተራራ በጉም ቢሸፈንም የውጭው ብርሃን ከቤት አምፖል ይበልጣል። ከዚያ በኋላ እሷን ተከተሉ። በዚህ ዕድሜ 4 ወይም 5 ሰዓት ነቅታ መቆየት ትችላለች፤ በዚያ ሳምንት ግን በ3 ሰዓቷም ልትዝል ትችላለች። አንዳንዱ ልጅ እስከ 18 ወር ድረስ ሁለት እንቅልፍ ይፈልጋል፣ አትደንግጡ። ጆሮዋን ስትጎትት፣ ፊቷን ከሰው ስታዞር፣ ዓይኗ ፈዞ አንድ ቦታ ሲቀር ወዲያው አስተኟት። ጀርባዋን እየለጠጠች መጮህ ከጀመረች አልፏል፤ ያኔ ለማባበልም ያስቸግራል። አንዱ እንቅልፍ ከ1 ሰዓት ተኩል አይለፍ፣ ከቀኑ 10:00 በኋላም አይሁን።

ከቶሮንቶ፦
1 ሰዓት ተኩሉ ላይ አልስማማም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀን 2 ሰዓት ብትተኛ ምንም አይደል፣ በረራው ራሱ አድክሟታል። የ10 ሰዓቱ ግን እውነት ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ የቡናው ከሰል ነው። ሐምሌ ደሴ ይበርዳል፣ በር ይዘጋል፣ ልጅቱ እዚያው ፍራሽ ላይ ትተኛለች፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪያልቅ ምድጃው ከጎኗ ነው። ከከሰል የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ቢጠፋም መውጣቱን አያቆምም። «ጭሱ እኮ ወጥቷል» ቢሏችሁም ልጅ የተኛችበት ክፍል ከሰል አይግባ። ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ።

እማማ ካዘሏት እሰየው፣ በዚህ ዕድሜ ጀርባ ላይ ጥሩ ትተኛለች። ነጠላው ወይም ጋቢው ግን ትከሻዋ ላይ ይቁም፤ «ዓይን እንዳይበላት» ተብሎ ፊቷ አይሸፈን። አፍና አፍንጫዋ ይታዩ፣ አገጯ ደረቷ ላይ አይጣበቅ። ሙቀቷን በእጇ አትለኩት፣ የሕፃን እጅ ብዙ ጊዜ ቀዝቃዛ ነው። ማጅራቷን ዳስሱ፤ ካላበ አንድ ልብስ ቀንሱ።

ከዚህ ዕድሜ በታች ያለ ሕፃን ይዞ ለሚሄድም፦ አንገቱ ካልጠና በደረት እንጂ በጀርባ አይታዘልም። ዓመት ያልሞላው የሚተኛው በጀርባው፣ ጠንካራ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስና ያለ ብርድ ልብስ ነው። የአያት አልጋ ለስላሳ ነው፣ አይሆንም።

ከፍራንክፈርት፦
ኮምቦልቻ በአውሮፕላን ከወረዳችሁ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመሃል ያለው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ማንንም ያስተኛል። የ15 ደቂቃ ሸለብታ የተጠራቀመውን ድካም ያራግፍና ቤት ስትገቡ እምቢ ትላለች። አትታገሏት፣ የማታ እንቅልፏን ከወትሮው አንድ ሰዓት አስቀድሙላት።

ጠያቂ፦
ኮምቦልቻ ዘመድ ጋ ሁለት ሌሊት እናድራለን። አጎበር ያስፈልጋል?

ከፍራንክፈርት፦
አዎ፣ ኮምቦልቻም ባቲም ከሚሴም ወባ አለ። መድኃኒት የተነከረውን ያዙ፣ ጫፉን ፍራሹ ሥር ክተቱ። የወባ ትንኝ በብዛት የምትነክሰው ከመሸ እስከ ንጋት ነው፤ በተዛባው ሰዓት ምክንያት ከምሽቱ 12:00 ላይ እንቅልፍ ከጣላት እሱም እንደ ሌሊት ይቆጠር። ስለ ወባ መድኃኒት ከመነሳታችሁ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በፊት የልጅቱን ሐኪም ጠይቁ፣ መጠኑ በክብደቷ ነው የሚሰላው።