ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) እግሩን እንዴት ቢያቆም ነው ባልክ (የውርወራ ጥፋት) የማይባልበት?

የቤዝቦል ሕግ የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ፣ ግራ ገብቶኛል።

ባለፈው ጨዋታ የምወረውረው እኔ ነበርኩ። ሦስተኛ ቤዝ (ነጥብ ከመግባቱ በፊት ያለው የመጨረሻ ማረፊያ) ላይ አንድ ሯጭ አለ። ቀኝ እግሬን ፒቸር የሚወረውርበትን ነጭ ላስቲክ አስነክቼ ከእሱ ጋር ትይዩ አቆምኩ፤ ግራዬን ደግሞ ከፊት። ከዚያ እጄን ምንም ሳላሳርፍ ወረወርኩ። ዳኛው "ባልክ!" አለ። ባልክ ስለተባለ ሯጩ በነጻ፣ ዘና ብሎ እየተራመደ ገብቶ ነጥብ ሆነ። እኔ እኮ በዋይንድአፕ (እጅ ሳያርፍ በሚወረወርበት አቋቋም) ነው የወረወርኩት!

ቤት ገብቼ ደንቡን፣ ቁጥር 5.07ን፣ አነበብኩ። በዋይንድአፕ ሲወረወር እጅን ለአፍታ ማሳረፍ ግዴታ አይደለም። “ሴት” (set) በሚባለው ሌላኛው አቋቋም ግን ሯጭ ካለ ኳሷን በሁለት እጅ ከሰውነት ፊት ይዞ ምንም ሳይንቀሳቀሱ ቆም ማለት ያስፈልጋል። እስከዚህ ገብቶኛል። የከበደኝ ቀጥሎ ያለው ነው፦ ቤዝ ላይ ሯጭ እያለ እንደ እኔ የሚቆም ፒቸር በ“ሴት” አቋቋም እንደሚወረውር ይገመታል፤ መቺው ተራውን ከመጀመሩ በፊት "በዋይንድአፕ ነው የምወረውረው" ብሎ ለዳኛው ካላሳወቀ በቀር። እኔ ደግሞ ትንፍሽ አላልኩም። ለካ ዳኛው ልክ ነበር (ለቡድኔ ልጆች ግን እንዳትነግሩብኝ)።

አሁን ጥያቄዬ፦ መቺ በተቀየረ ቁጥር ማሳወቅ አለብኝ ወይስ አንዴ ይበቃል? በአንድ መቺ መሃል ሯጩ ሁለተኛን ቤዝ ትቶ ሦስተኛን ቢሰርቅስ (ኳስ ሳይመታ ሮጦ ቢይዘውስ)፣ ያኔ አቋቋሜን መቀየር እችላለሁ? ደግሞስ የቀኝ እግሬን ጣቶች ወደ መቺው አዙሬ ብቆም ሳልናገርም እንደ ዋይንድአፕ ይታይልኛል? ቅዳሜ ጨዋታ አለብን፣ ቶሎ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።